ቤት ብቻውን ሰፈር አይሆንም

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ የሚወስደውን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ጎዳና ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት መንገደኛው የመዲናይቱን መጨረሻ ቤቶች አልፎ፣ ግራና ቀኙን ማሳና የሚግጥ ከብት እያየ ነበር ዓለምገና የሚደርሰው። ዛሬ አዲስ አበባ የት ላይ እንደምታበቃ፣ ሰበታም የት ላይ እንደምትጀምር ለመለየት የመንገድ ዳር ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል። ከለቡና ከጀሞ ወዲያ ፉሪና ወለቴ፣ ከዚያም ዓለምገና ቤት ከቤት ተያይዘዋል።

ስለ ከተማ ዕድገት ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ሕንፃውና አስፋልቱ ነው። የዚህ ዓምድ ጉዳይ ግን በሕንፃው ውስጥ ያለው ኑሮ ነው። አንዲት ትንሽ ከተማ ለትልቅ ከተማ መኖሪያ ሰፈር ስትሆን የለውጡን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ከፍ ያለውን ድርሻ የምትከፍለው ሴቷ ናት፤ ከመሐል ከተማ ወጥታ አዲስ ቤት የገባችውም፣ ማሳዋ ለቤት መሥሪያ የተወሰደባት የገበሬ ሚስትም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በሰበታ ምሳሌነት የሁለቱንም ኑሮ እንመልከት።

ሰበታ ትናንትና ዛሬ

ሰበታ ከወጨጫ ተራራ ግርጌ የምትገኝ፣ ለረጅም ዘመን በጥቂት ነገሮች ስትታወቅ የኖረች ከተማ ናት። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቷ ስሟን በመላ አገሪቱ አስጠርቷል። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ደግሞ ለብዙ ቤተሰብ የእንጀራ ምንጭ ሆኗል። ዓለምገና የቡታጅራ መንገድ ከጅማው መንገድ የሚገነጠልባት ስለሆነች መንገደኛ አረፍ ብሎ እህል ውኃ የሚቀምስባት ነበረች። ከዚህ በቀር ሰበታ የገበያ ቀን የሚደምቅባት፣ ሰው ሁሉ በስም የሚተዋወቅባት ከተማ ነበረች።

ይህን መልክ የለወጡት ነገሮች በዋነኛነት ሦስት ናቸው። አንደኛው ፋብሪካ ነው። በተለይ ከ1990ዎቹ ወዲህ በመንገዱ ዳርና ዳር የጨርቃ ጨርቅ፣ የምግብና የሌላም ሸቀጥ ማምረቻዎች ተተከሉ፤ ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶችም አንድ ክፍል ለሦስትና ለአራት እየተከራዩ በዚያ መኖር ጀመሩ። ሁለተኛው የአዲስ አበባ የቤት ችግር ነው። በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም በተደረገው ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው እንደ ተመዘገበ እናስታውሳለን። ዕጣ ያልወጣለትና የመሐል ከተማው የቤት ኪራይ ያልቻለው ሰው ዐይኑን ወደ ዙሪያው ከተሞች አዞረ። ሦስተኛው መንገድ ነው። ሰፋፊ አስፋልት ተዘረጋ፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም የሐዲዱ ጫፍ ሰበታ ላይ ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የሰበታ ነዋሪ 49 ሺህ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ የተጨመረውን ሰው ብዛት በየኮረብታው ላይ የወጣው ቆርቆሮ ራሱ ይናገራል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰበታ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ ለገዳዲ፣ ከገላንና ከሌሎችም ጋር ሸገር ከተማ በሚል ስም በአንድ አስተዳደር ሥር ተጠቃልላለች።

ርቀት በሰዓት ሲመነዘር

አንድ ቤተሰብ ከከተማው ዳር ቤት ሲሠራ ወይም ሲከራይ መጀመሪያ የሚያሰላው ገንዘብ ነው። «መሐል ከተማ ለኪራይ የምንከፍለው እዚያ ቢሆን ይተርፈን ነበር» ይባላል። ስሌቱ ስሕተት የለበትም፤ ግን ሙሉ አይደለም። በገንዘብ የተቀነሰው ዋጋ በሰዓት ተመልሶ ይመጣልና ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ሥራዋ መሐል አዲስ አበባ የሆነ አንዲት እናት ለመሄጃ ሁለት ሰዓት፣ ለመመለሻ ሁለት ሰዓት ይወስድባታል እንበል። ሰልፉ፣ የባጃጁና የሚኒባሱ መቀያየር፣ የመንገዱ መጨናነቅ ሲደመር ይህ የተጋነነ ቁጥር አይደለም። በወር 22 ቀን ብትሠራ በመንገድ ላይ የምታሳልፈው 88 ሰዓት ነው። በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 88 ሰዓት የ11 ቀን ሥራ ነው። ይህች እናት በየወሩ ደመወዝ የማይከፈልበት የ11 ቀን ሥራ ትሠራለች ማለት ነው።

አባወራውም ይህንኑ መንገድ ይመላለሳል ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ማታ ቤት ሲገቡ እርሱ አረፍ ሲል እርስዋ ወደ ጓዳ ትገባለች። ጠዋትም ቁርሱን አሰናድታ፣ የልጆቹን ምሳ ዕቃ ሞልታ ለመውጣት ከሁሉ በፊት የምትነሣው እርስዋ ናት። ርቀቱ ለሁለቱም አንድ ሲሆን ድካሙ አንድ ያልሆነው ለዚህ ነው። የቤቱ ሥራ እንደ ቀድሞው በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ሆኖ መንገዱ ብቻ ከረዘመ፣ የጎደለው ሰዓት የሚወጣው ከእናቲቱ እንቅልፍ ነው። ስለዚህ ወደ ከተማው ዳር የሚወጣ ቤተሰብ ዕቃውን ከመጫኑ በፊት ሥራውን ይከፋፈል። ማን ቀድሞ ይወጣል? ማን ልጆችን ይመልሳል? ውኃ በሚመጣበት ሌሊት ማን ይነሣል? ይህን ቀድሞ መነጋገር የኋላ ጭቅጭቅን ይቀንሳል።

ቢጫው ጄሪካን

በአዲስ ሰፈር ቤት ከቧንቧ ይቀድማል። ግድግዳው ይቆማል፣ ቆርቆሮው ይመታል፣ ሰው ይገባል፤ ውኃው ግን ዘግይቶ ይመጣል። ቢመጣም በፈረቃ ነው። ልብ ብለን ካየነው የአዲስ አበባ ነዋሪ ለብዙ ዓመታት የጠጣው ውኃ የተጠራቀመው በእነዚሁ የዙሪያ ከተሞች አጠገብ ነው፤ ገፈርሳ ከቡራዩ አጠገብ፣ ለገዳዲም ከለገጣፎ ማዶ ነው። ውኃው ከዙሪያው ወደ መዲናይቱ ሲጓዝ ሰው ደግሞ ከመዲናይቱ ወደ ዙሪያው ተጓዘ፤ መንገድ ላይ ተላለፉ ማለት ነው።

ቢጫው ጄሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። አምስት ሰው ያለበት ቤት ለመጠጥ፣ ለምግብ፣ ለመታጠቢያና ለልብስ ለያንዳንዱ ሰው በቀን 20 ሊትር ብቻ ቢያስፈልገው ድምሩ 100 ሊትር፣ ማለትም አምስት ጄሪካን ነው። ይህን ሁሉ የሚያመላልሰው ማን እንደ ሆነ ለዚህ ዓምድ አንባብያን መንገር አያስፈልግም። ብዙ ጊዜም ከእናት ቀጥሎ ጄሪካኑ የሚያርፈው በሴት ልጅ ጀርባ ላይ ነው፤ ወንድሟ ደብተሩን ይዞ ሲቀመጥ እርስዋ ወረፋ ትጠብቃለች።

በዚህ ረገድ በቤት አቅም ሊደረጉ የሚችሉ ነገሮች አሉ። ቤት በምትሠሩበት ጊዜ ለሳሎን ጌጥ ከማሰባችሁ በፊት የውኃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ቦታ ይኑረው። በክረምት ከጣሪያ የሚወርደውን ውኃ በአሸንዳ ወደ በርሜል መርቶ መያዝ ለልብስና ለወለል ማጠቢያ ይበቃል። ለመጠጥ የሚሆነው ውኃ በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ከቦቴ የተገዛ ከሆነም ይፍላ ወይም በውኃ ማከሚያ ይታከም። ከፋብሪካ የሚለቀቅ ፍሳሽ በሚቀላቀልባቸው ወንዞች ልብስ ማጠብም ሆነ ጎመንና ሰላጣ ማጠጣት ጤናን አሳልፎ መስጠት ነው። ጄሪካኑንም ወንዱም ሴቱም ልጅ በየተራ ይያዘው።

ልጆች የት ይዋሉ

በመሐል ከተማ ነባር ሰፈር የምትኖር እናት ሥራ ስትውል ልጇ የሚውልበት አያጣም። አያት ከጎን አለች፤ ጎረቤት «እኔ አይለታለሁ» ይላል። ቀደም ባለው ዘመን በየቀበሌው ተከፍተው የነበሩ መዋዕለ ሕፃናትም ለብዙ እናቶች እፎይታ ሰጥተዋል። ወደ ከተማው ዳር የወጣች እናት ግን ሰፈሯን ብቻ ሳይሆን ልጅ የሚይዝላትንም ሰው ትታ ነው የወጣችው። ይህ በኪራይ ስሌት ውስጥ የማይገባ፣ ከገቡ በኋላ ብቻ የሚታይ ጉድለት ነው።

ከዚህ የተነሣ አንዳንዷ እናት ሥራዋን ትለቃለች። ደመወዟ ለትራንስፖርትና ለሞግዚት ተከፍሎ የሚተርፈው ሲቆጠር «ለምን እለፋለሁ?» ትላለች። ይሁን እንጂ ሥራ መልቀቅ የአንድ ወር ደመወዝ ጉዳይ አይደለም። የጡረታ መብት፣ የዕድገት ተስፋ፣ በትዳር ውስጥም የራስ ድምፅ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ወደዚህ ውሳኔ ከመድረስ በፊት በሰፈሩ ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው እናቶች ቢሰባሰቡ ይበጃል። አራት አምስት እናቶች ተዋውቀው አንዲት የታመነች ሴት ልጆቻቸውን በአንድ ቤት እንድትጠብቅላቸው ቢስማሙ ወጪው ይከፋፈላል፤ ለሴትየዋም ጥሩ ገቢ ይሆናታል። ቤቱ ንጹሕ፣ ግቢው የታጠረ፣ ከሰል የማይጨስበት መሆኑን ግን በዐይን ማየት ይገባል።

ማሳው የማን ነበር

እስካሁን ስለ አዲስ ገቢዋ ተናገርን። አሁን ደግሞ ቤቱ ወደ ተሠራበት መሬት እንመለስ። መሬቱ ባዶ አልነበረም። ጤፍ ይዘራበት፣ ላም ይግጥበት ነበር። በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. መካከል የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን ከተሞች በአንድነት ይመለከት የነበረው ማስተር ፕላን ከባድ ተቃውሞ አስነሥቶ የብዙ ሰው ሕይወት ካለፈ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. መሠረዙ የሚያሳየው የዙሪያው ገበሬ ስለ መሬቱ ምን ያህል ሥጋት እንደ ነበረበት ነው።

ስለ ካሣ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ደንግጎ ነበር። እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ገቢ ከፍተኛውን ወስዶ በ15 እንዲባዛ አደረገ። ይህ በርግጥ መሻሻል ነው። ነገር ግን ካሣው ለአባወራው በእጁ ሲሰጠው የሚስቲቱ ገቢ የት ደረሰ? ወተቱና ቅቤው፣ ዕንቁላሉ፣ በግድግዳ ተለጥፎ የሚደርቀው ኩበት የእርስዋ ገንዘብ ነበሩ። ለልጆች ደብተር፣ ለጨው፣ ለዘይት የምታወጣው ከዚያ ነበር። ግጦሹ ሲሄድ ላሟ ትሸጣለች፤ ከላሟ ጋር ይህ ሁሉ ይሄዳል። ገንዘብም እንደ መሬት በየዓመቱ አያፈራም፤ ከተነካ ያልቃል።

ስለዚህ ማሳቸው የተወሰደባቸው ባልና ሚስት ገንዘቡ ሳይመጣ በፊት በአንድነት ተቀምጠው ይምከሩ። ገንዘቡ በሁለቱም ስም በባንክ ይግባ። ከፊሉ ገቢ በሚያመጣ ነገር ላይ ይዋል። አዲሱ ሰፈር ራሱ ገበያ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። አዲስ ገቢው ወተት ይፈልጋል፤ እንጀራ፣ ሽሮና በርበሬ ይፈልጋል፤ ሲመሽ ደክሞት የሚገባ ሰው የተዘጋጀ ነገር ይገዛል። አንዲት የተሻለ ዝርያ ያላት ላም በጠባብ ግቢ በመኖ ልትያዝ ትችላለች። ለየብቻ የማይቻለውን ደግሞ በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ መሞከር ይቻላል።

ስም ያልሰፈረበት ወረቀት

እኅቶቻችን፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ፤ ከተማ ሲያድግ የመሬትና የቤት ዋጋ አብሮ ያድጋል፤ ዋጋው ያደገ ንብረት ደግሞ ወረቀቱን የያዘው ሰው ነው። ትናንት ማንም የማይፈልገው ጓሮ ዛሬ የወንድማማች መካሰሻ፣ የባልና ሚስት መለያያ ይሆናል።

ሕጉ ለሴቲቱ የቆመ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው፣ በተለይም በመሬት አጠቃቀም ረገድ ከወንዶች እኩል እንደ ሆኑ ይናገራል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ማረጋገጫ ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዝዞ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ይላል። የጋራ ቤትን ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማከራየት ወይም በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያለ ስምምነቷ የተደረገ ውል ካለ፣ ባወቀች በስድስት ወር ውስጥ፣ ለማንኛውም ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ሳያልፈው ፍርድ ቤት እንዲያፈርሰው መጠየቅ ትችላለች። የኦሮሚያ ክልልም የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው የሰበታና የአካባቢዋ ነዋሪዎች በዚያ መሠረት ምክር ይጠይቁ።

ይሁን እንጂ በሕግ ያለ መብት በእጅ ያለ ወረቀት አይደለም። ስድስት ወር ቶሎ ያልፋል። ስለዚህ የጋብቻ ምዝገባ ምስክር ወረቀታችሁን ያዙ። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው በሁለታችሁም ስም እንዲሆን ጠይቁ። የባንክ ክፍያ ደረሰኝ፣ የግንባታ ዕቃ የተገዛበትን ደረሰኝ አትጣሉ። ባል በዚህ ይቀየማል ብሎ መፍራት አያስፈልግም፤ ነገ እርሱ አንድ ነገር ቢሆን ልጆቹን ከሜዳ የሚያድነው ይኸው ወረቀት ነውና።

ከገበሬ በውል ብቻ ስለሚገዛ መሬት ደግሞ አጥብቀን እናሳስባለን። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፤ በቤት ውስጥ የተጻፈ፣ በምስክር የተፈረመ ወረቀት ካርታ አይሆንም። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ለገዳዲ ሕገ ወጥ ተብለው ብዙ ቤቶች በፈረሱ ጊዜ ያለ የሌለ ጥሪታቸውን ያፈሰሱ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ደጅ ላይ ቀርተዋል። ጨረቃ ቤት ርካሽ የሚመስለው እስኪፈርስ ድረስ ነው። ቁጠባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ከመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ቦታው ለምን እንደ ተመደበ አጣሩ።

ዕድርና ጎረቤት

በመጨረሻም ቤትን ሰፈር ስለሚያደርገው ነገር እንናገር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው አነጋገር በአዲስ ሰፈር ከማንኛውም ቦታ የበለጠ ይሠራል። ዘመድ 25 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚኖርበት ቦታ፣ ሌሊት ምጥ ቢመጣ ወይም ልጅ ቢያተኩስ የምታንኳኩት የጎረቤትን በር ነው። ብዙ ሰዎች ግን ወደ ዳር ከወጡም በኋላ ዕድራቸው በቀድሞው ሰፈር እንደ ሆነ ይቀራል። የድሮ ወዳጅ መተው የለበትም። ሆኖም ሐዘን ሲመጣ ድንኳኑና ድስቱ የሚያስፈልገው አሁን በምትኖሩበት ቦታ ነው። በአዲሱ ሰፈር ዕድር ካለ ግቡበት፤ ከሌለ ዐሥር ቤት ሆናችሁ ጀምሩት። ዕድር ለቀብር ብቻ አይደለም። የተሰባሰበ ሰው ውኃና መብራት ለመጠየቅ፣ ጨለማ መንገድ ላይ አምፖል እንዲተከል ለማሳሰብ፣ ማታ ከፈረቃ የሚመለሱ ወጣት ሠራተኞችን ለመጠበቅ አፍ ይኖረዋል።

የዕድሩ ዝርዝር ላይ ደግሞ አዲስ ገቢውና ነባሩ አብረው ይጻፉ። በብዙ ቦታ አዲሱ ሰፈር በአጥር ይታጠርና ነባሮቹ በማዶ፣ መጤዎቹ በወዲህ ሆነው ሳይተዋወቁ ዓመታት ያልፋሉ። ወተት የምታመጣላችሁን እናት «አካም ጅርቱ» ብላችሁ በቋንቋዋ ሰላም በሏት፤ ቡና ስታፈሉ ጥሯት። የምትኖሩበት ግቢ ትናንት የእርስዋ ማሳ ሊሆን ይችላልና። እርስዋም ውኃው የት እንደሚገኝ፣ በክረምት የትኛው መንገድ በጎርፍ እንደሚቆረጥ፣ የትኛው ሜዳ ረግረግ ስለ ሆነ ቤት እንደማይሠራበት ከማንም ይበልጥ ታውቃለች።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የርቀቱ፣ የውኃውና የልጁ ሸክም በአንዲት ሴት ጀርባ ላይ ሲሆን ከባድ ነው፤ በባልና በሚስት፣ በጎረቤትና በዕድር ሲከፋፈል ግን ይቀልላል። ውድ አንባብያን፣ ወደ ከተማው ዳር ልትወጡ ያሰባችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ከባለቤታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ኪራዩን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱን፣ ውኃውን፣ የልጆቹን መዋያና የካርታውን ስም አንድ በአንድ ቁጠሩ። ቀድማችሁ የወጣችሁ ደግሞ በዚህ ሳምንት አንድ ያላወቃችሁትን ጎረቤት በር አንኳኩ።